የሻምበል ሆድ

ሰኞ ማታ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልጻፍ፦ የድመቴን ጅራት አንድም ቀን ከፍ አድርጌ አይቼ አላውቅም።

ባሌ አልጋ ላይ በዋለባቸው የመጨረሻ ወራት አንድ እፍኝ የማይሞላ የድመት ግልገል በመስኮት ገብቶ እግሩ ሥር ተኛ። ባሌም ቀና ብሎ አየና፣ «ወንድ ነው። አረማመዱን አታዪም? ሻምበል በሉት» አለ። በዚህ ቤት እሱ ወንድ ነው ካለ ወንድ ነው። ከቀብሩ በኋላም «ና ሻምበል፣ ሂድ ሻምበል» እያልኩ ኖርኩ።

ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ሆዱ አብጧል፤ ምግብ ብቀንስበትም አልጎድል አለ» አልኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጅራቱን ቀና አድርጎ አየ፣ ሆዱን በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ለካ እየሳቀ ነው።

«እማማ፣ ስሙ ማን ነበር ያሉኝ?»

«ሻምበል።»

«እንግዲያው ሻምበል አርግዟል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሩ ላይ ውሻ ታቅፎ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ ነበር፤ እሱም ሳቀ። ሐኪሙ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፀጉሯን እየገለጠ ጡቶቿን አሳየኝ፤ ቀልተዋል፣ ጎላ ጎላ ብለዋል። «መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው። ከዚያ ነው ሆድ የሚመጣው። እርስዎ የመጡት አጋማሹ ካለፈ በኋላ ነው» አለኝ። የድመት እርግዝና ከሁለት ወር ብዙም አያልፍም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ምግብ የቀነሱባት ለምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ለትንሽ ቀን» አልኩ።

ለትንሽ ቀን አይደለም።

ጎረቤት ኩሽና ገብቶ ሥጋ ሰረቀ ብለው በከሰሱት ጊዜ በመጥረጊያ መትቼዋለሁ። መትቻታለሁ። ርቧት ነበር። አሁን የሰጠኋትን ትበላለች፤ አንድ ጎረሰች፣ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ሌላ ትጎርሳለች። እንዳላነሳባት ነው።


ማክሰኞ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ቸኩዬ

ሦስት ሱሪ ማሳጠር፣ የአንድ ኮት ገበር መቀየር አለብኝ።

አጠገቤ ቆማ ልብስ ለምትተኩሰው ሴትዮ የሻምበልን ነገር ነገርኳት። ተኳሿ ነው የምንላት፤ በካውያም በምላስም ስለምትተኩስ። መንገር አልነበረብኝም። ካውያዋን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«ታዲያ አሁን ማዕረጉ ይነሳል ወይስ ከነሆዱ ሻለቃ ይሆናል?»

ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረች። «አንተ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ አንድ ጣት የወፈረ ደንበኛ ገና በር ላይ ሲደርስ ሜትር ሳታወጣ ትለካዋለች። የራሴን ድመት ሆድ አላየሁም ብትልህ ታምናታለህ?»

ባለሱቁ ጨርቅ እየቆረጠ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። «አይታ ዝም ብላ ይሆናላ» አለ።

ለቀልድ ነው ያለው። ገበሩን ግን ገልብጬ ሰፋሁት።


ቅዳሜ

የባሌ ልጅ ደወለች። በየቅዳሜው ከዳቦ ቤት ሥራዋ ስትወጣ ትደውላለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አባቷን እስክንቀብር ድረስ «እትዬ» ነበርኩ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ «እማዬ» ሆንኩ። «ወዬ» እላታለሁ።

«እማዬ፣ እውነት ነው? ሻምበል ሴት ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ተኳሿ ናታ! ዳቦ ልትገዛ መጥታ ሰልፈኛው እስኪሰማ አወራችው። አንዱማ ‹መንታ ከሆነ ለእኔ› ብሎ ተራ ያዘ።»

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ።

«አንቺ መቼም ልብሽ የዋህ ነው። አፍንጫሽ ሥር ያለውን አታዪም። ያኔም እኮ ‹ቀሚሴ ሲታጠብ ጠበበ› ስልሽ አምነሽኝ ቁጭ አልሽ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አባዬ ያደረገውን አደረገ። አንቺ ግን ምኑንም አታውቂም ነበር። ለዚህ ነው በአንቺ ቂም የሌለኝ። ሰማሽኝ እማዬ?»

«ምድጃ ላይ የጣድኩት እያረረብኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።


ሰኞ ማታ

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ስለ ቤት እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋን የለውም። እኔን ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ድሮ የልብስ ሞዴል የምንቆርጠው ከአሮጌ ጋዜጣ ነበርና ከዚያ ላይ ፊደል ለቀምኩ። ለዚህ ነው የዓለም ወሬ ሁሉ በብብት ወይም በአንገት በኩል ተቆርጦ የደረሰኝ። ይህን ግን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

ጡቷ ይቀላል ይላል። አልፎ አልፎ ሊያስመልሳት ይችላል፤ ብዙ ቀን አይቆይም። እንቅልፍ ታበዛለች። አንዳንዷ ከሰው እግር ሥር አትጠፋም፣ አንዳንዷ ሰው ትሸሻለች። ከዚያ ይርባታል። ከዚያ ወገቧ ይጠፋል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩዋት ጎንና ጎኗ ይሰፋል።

«ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው» ይላል፣ «አጋማሹ ካለፈ በኋላ መደበቂያ የለውም።»

ሻምበል ሲያስመልሳት አይቻለሁ። ፀጉር ውጦ ነው ብዬ ጠረግሁት። ወገቧ ሲጠፋም አይቻለሁ። ማየትማ አይቻለሁ። ሥራዬ ወገብ ማየት ነው።

የምጽፈው ስለ ድመት ነው።


ሐሙስ

በላች። ተኛች። እጄን ጎኗ ላይ ሳሳርፍ ከውስጥ የሆነ ነገር ገፋኝ። ቶሎ አነሳሁ፤ ሆዷን አትጫኑ ይላል መጽሐፉ። መዳፌ ግን ቀኑን ሙሉ ያን ሲያስታውስ ዋለ።


ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

ተኳሿ አሮጌ የሱፍ ሹራብ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። «ለሻምበል የወሊድ ክፍል» አለች። አፏ እንጂ ልቧ ደግ ነው። የክር ካርቶን ጎኑን ቆርጬ፣ መግቢያ አውጥቼ፣ ሹራቡን አነጠፍኩበት።

እየተኮሰች ስታወራ፦ «የእኔ ልጅ እንኳ ብታረግዝና ልትደብቀኝ ብትሞክር በሳምንቱ ነው የማውቅባት። አተነፋፈሷ ይነግረኛል። እናት አይደለሁ?»

ከዚያ የእኔ ቤት ነገር ትዝ አላት መሰለኝ ካውያዋን ገታ አደረገች። «አንቺማ የእንጀራ እናት ነሽ፤ በምን ታውቂዋለሽ። አይፈረድብሽም» አለች።

አይፈረድብሽም አለችኝ። ፊቴ ጋለ። «የካውያው ሙቀት ነው» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።


እሁድ ማታ

ስለ አንድ ቀሚስ ልጻፍ።

ሰማያዊ ነው፤ ደረቱ ላይ ትንንሽ ነጭ ቁልፎች አሉት። የባሌ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የሰፋሁላት ነው። የምታድግ ልጅ ናት ብዬ በጎንና በጎኑ ሰፊ ትርፍ ትቼበት ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጣችና «እትዬ፣ ሲታጠብ ጠበበ» አለችኝ። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ጨርቁን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ነክሬ አጥቤ አድርቄ ነው የቆረጥኩት። አይጠብም። «ርካሽ ጨርቅ እንዲህ ነው» አልኳት። ጎኑን ተረተርኩ፣ ወደ ጠርዙ አውጥቼ ሰፋሁ፣ ተኩሼ ሰጠኋት። ጉንጬን ሳመችኝ።

ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም። ሳህን ስታነሳ ጨርቁ ጎኗ ላይ ሲወጠር አየሁ። ተኝታ ሳለች ወስጄ አሰፋሁትና ወንበሯ ላይ መለስኩት። በነጋታው «እትዬ፣ ሲለበስ ለቀቀልኝ!» ብላ ደስ አላት። «ጨርቅ እንዲህ ያደርጋል» አልኳት።

እንዴት ነሽ ማለት እችል ነበር። ቁጭ በይ፣ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም ማለት እችል ነበር። ጤና ጣቢያ እጇን ይዣት መሄድ እችል ነበር። ክር አልነበረም የጎደለኝ፣ መርፌ አልነበረም። እኔ ጎኑን ሳሰፋ የረዳኋት መስሎኝ ነበር። አባቷ ቆይቶ እንዲያይ ብቻ ነው ያደረግሁት።

ሦስተኛውን ስሰፋ ነው አባቷ ሆዷን ያየው።

እዚህ ይብቃኝ። ሻምበል እየጠራችኝ ነው።

አልጠራችኝም፤ ተኝታለች።


ማክሰኞ

ካርቶኑን አልወደደችውም። በሩ አጠገብ አደረግሁት፣ አሸተተችውና ሄደች። አልጋው ሥር አደረግሁት፣ ገብታ ወጣች። መስኮቱ ሥር አደረግሁት። እሷ የምትፈልገው የቁም ሣጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ነው። ቆማ ትቧጥጠዋለች።

እዚያ የሷ ነገር የለም። ቆለፍኩት።


ረቡዕ ማታ

ዛሬም መሳቢያውን። አንስቼ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ወጣች። እንደገና አስቀመጥኳት። ከዚያ መጽሐፉን ገለጥኩ፦ «የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ከመረጠችበት ቦታ አታንሷት። ያለ ፈቃዷ የተዘዋወረች እናት ትጨነቃለች፤ ግልገሎቿም ላይተርፉ ይችላሉ።»

መጽሐፉን ዘጋሁት።

የባሌ ልጅ፣ አባቷ ሲያባርራት፣ በዝናብ ነበር የሄደችው። አውቶቡሱ አክስቷ አገር የሚደርሰው ሲነጋ ነበር፤ መንገዱም ኮረኮንች። ሕፃኑ በሳምንቱ ተወለደ። ከአክስቷ ደብዳቤ መጣ፤ ባሌ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ያነበብኩለት እኔ ነኝ። «አልቆየም» ይላል። ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ በለቀምኩት ፊደል ያን ቃል አነበብኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።


ዓርብ፣ ሱቅ፣ ሰው ሳይመጣ

ያላለቀውን ልጨርስ። ካልጨረስኩት ሁልጊዜ ከጎኑ እየተረተርኩ መኖሬ ነው።

ባሌ ያን ቀን ሆዷን እንዳየ መጀመሪያ የዞረው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ነው። «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለኝ። ቀሚሷ በጀርባዬ የከለልኩት የስፌት መኪናዬ ላይ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተተርትሮ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደቆመ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

አውቅ ነበር ካልኩት ሁለታችንንም ያባርረን ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ምናልባት ያባርረን ነበር። ምናልባት ደግሞ ሁለት ሴት ከፊቱ ስንቆም ይደነግጥ ነበር። ይህን የማውቅበት መንገድ አሁን የለም።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ የከሰሰኝ ይመስለኝ ነበር። ስለ ሻምበል የደወለች ቅዳሜ፣ ስልክ ላይ ነው የገባኝ። አልከሰሰችኝም። አዝናልኝ ነበር። እኔን የዋሂቱን ያታለለችኝ መስሏት።

ደንበኛ መጣ።


እሁድ ማታ

ሁሉም ዛሬ ሆነ።

ሻምበል ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። ከጠዋት ጀምሮ ስትዞር፣ ስታቃስት፣ ራሷን ስትልስ ዋለች። ምልክቱ ይሄ ነው። የባሌ ልጅ ልትረዳኝ ትኩስ ዳቦ በከረጢት ይዛ መጣች። «አዋላጅ መጣች!» እያለች ገባች። ንጹሕ ፎጣ ላወጣላት መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ፎጣውን ይዤ ወደ ኩሽና ሄድኩ፣ መሳቢያውን ረሳሁት።

«እማዬ! ሻምበል መሳቢያ ውስጥ ገብታለች!»

ሮጬ መጣሁ። ድሮ አጥፌ ከታች ያስቀመጥኩት ሰማያዊ ቀሚስ ላይ ተጋድማ ታምጣለች።

«ላንሳት?» አለችኝ።

«አትንኪያት» አልኩ። «ከመረጠችው ቦታ አትነሳም።»

የመጀመሪያው መጣ፤ እናቱ ሽፋኑን ቀድዳ፣ ልሳ አጸዳችው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። የባሌ ልጅ መሬት ላይ ተንበርክካ «ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ሻምበል» ትላለች። አራተኛው ሲወጣ ግን ሻምበል ደክሟት አንገቷን ጣለች። ግልገሉ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አይንቀሳቀስም።

ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ። ገጹ ዓይኔ ላይ ነው። እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ቀረ። እንደገና ልቀመጥ ነው፣ አውቄ ዝም ልል ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ሳስብ ይመስለኛል፣ የእኔ የማይመስል ድምፅ ከደረቴ ወጣ።

«ሽፋኑን ከአፍንጫው ላይ ግፈፊ! በጨርቅ እሺው! እሺው፣ እንዳታቆሚ!»

ደንግጣ አነሳችው። አጠገቧ ያገኘችው ጨርቅ የቀሚሱ ጫፍ ነበር፤ በሱ አሸችው። ጀርባውን፣ ደረቱን። «አልነቃም እማዬ።» «እሺው!» «ሞቷል እኮ።» «አልሞተም፣ እሺው!» ከዚያ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነች ድምፅ መጣች።

የባሌ ልጅ ወደ እናቱ ሆድ አስጠጋችውና ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ቀና ሳትል፦

«ያኔ ብታውቂ ኖሮ እንዲህ አጠገቤ ትሆኚ ነበር። አይደል እማዬ?»

መልስ ፈልጋ አልነበረም። እኔም የቆሸሸውን ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ።

ኋላ ሻምበልን ከነልጆቿ ለጥቂት ደቂቃ ሹራቡ ላይ አስተኝተን ያንኑ መሳቢያ ስናጸዳላት፣ ቀሚሱን አንስታ ዘረጋችው። ደም በደም ሆኗል።

«ይሄ ቀሚሴ አይደል እንዴ? ያ የጠበበው? ኧረ አንቺ ሴትዮ! እስከ ዛሬ አስቀምጠሽው?» ግንባሬን ሳመችኝ። ፌስታል ውስጥ ከተተችው። «እኔ አጥቤ፣ ተኩሼ አመጣልሻለሁ።»

«ተይው፣ ይጣል።»

«ምን ሲደረግ! ረቡዕ ዕረፍት ነኝ፤ ረቡዕ አጥበዋለሁ።»

ይዛው ሄደች።


ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

የተተረተረ ስፌት አይጠፋም። በድሮው መስመር ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይቀራል፤ ታጥቦ ካውያ ሲያርፍበት ይበልጥ ይታያል። መርፌ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጨርቅ ስትገለብጥ ምን እንደምታይ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ስፌት ሌላ ሦስት መስመር ታገኛለች። አንዱን ራሷ ጠይቃኛለች። ሁለቱን ማን ጠየቀሽ ትላለች።

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ሲያባብለኝ ዋለ፦ ዝም በይ፣ ጨርቁ ይንገራት። ከነገራት በኋላ ታለቅሺያለሽ፣ ይቅር ትልሻለች ወይ አትልሽም። ተኳሿ «ዛሬ ምን ዋጠሽ?» አለችኝ። «ጨርቅ» አልኳት። ሳቀች።

ግን ያኔም በጨርቅ ነው ያመካኘሁት። ርካሽ ነው አልኩ፣ ይለቃል አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ እሱ እንዲናገርልኝ አልፈልግም። ካውያው ከመጋሉ በፊት እኔ መድረስ አለብኝ።

«እማዬ» ማለቱን ልትተው ትችላለች። የቅዳሜው ስልክ ሊቀር ይችላል። ሌላ የሚደውልልኝ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው እንድታዝንልኝ አይደለም፤ አዝናልኝ ታውቃለች፣ የማይገባኝን ሐዘን።

ነገ ጠዋት ዳቦ ቤት እሄዳለሁ። ከሰው ጋር ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ይህን ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀምጥላታለሁ።

ሻምበል እያጠባች ነው። ዛሬ ከሌላው ቀን ሁሉ በላይ በላች፤ ሳህኗን ሞልቼ ሳስቀምጥላት ቀና ብላ አላየችኝም። ያቺን አራተኛዋን፣ ከፈለገቻት፣ ለባሌ ልጅ አስቀርቼላታለሁ። ሴት ናት። ጅራቷን አንስቼ አይቻለሁ።

የደብተሩ ሽፋን ላይ «ለልጄ» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። ያን ቃል፣ ደብተሩን አንብባ ስትጨርስ ከፈቀደችልኝ፣ እጽፈዋለሁ። ለአሁኑ እንዲህ ይላል፦

ለባሌ ልጅ።
ቀሚሱ አልጠበበም ነበር። አውቅ ነበር።